ሴት ልጅ ለብቻዋ ሳይክል ስትነዳ የቤተሰብን ስጋት በምን እናቅልለው? (ሐዋሳ)

የአቶቴ አባት

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ልጃችን ከአቶቴ ወደ ሥራዋ በሳይክል መመላለስ ትፈልጋለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ብቻዋን እስከ ጥቁር ውሃ ለመንዳት አስባለች። እናቷ «መኪና ይገጫታል፣ ዱርዬ ያስቸግራታል» እያለች ትጨነቃለች። አያቷ ደግሞ በአደባባይ የማይነሳ ነገር ታነሳለች። መከልከል አልፈልግም፤ ግን «እሺ» የምንለው ምን ምን ሲሟላ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ትንዳ? ጎማ ቢተነፍስ ምን ታደርጋለች? ብትዘገይስ እኛ ምን እናድርግ? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ፔዳል በሐዋሳ

ጋሼ፣ በዚህ መልክ መጠየቅዎ ደስ ይላል። ቤት ውስጥ የሚነሳው ስጋት አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው፦ የመኪና፣ የሰው እና የብልሽት። መፍትሔያቸው ለየቅል ስለሆነ አንድ ላይ ሲጨፈለቁ መልሱ ሁልጊዜ «አትሂጂ» ይሆናል። ስለ መንገዱ እኔ ልጻፍ፤ ሌላውን የሚያውቁ ይጨምሩበት።

ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች መንዳቱ ጉልበት አይጠይቅም። ከተማ ውስጥ ዋናው ችግር ባጃጅ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ሰው አውርዶ ደግሞ ወደ ኋላ ሳያይ ይወጣል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የምትነዳ ሰው በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ትሄዳለች። አይታ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ ለመቆምም ርቀት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ከፊቷ ካለው ባጃጅ 7 ወይም 8 ሜትር ትራቅ። ባጃጁ ሲቆም በእሱና በእግረኛው መንገድ መሀል በቀኝ በኩል ለመሾለክ ፈጽሞ አትሞክር፤ ተሳፋሪ የሚወርደው በዚያ ነው። በግራ ትከሻዋ ወደ ኋላ ታይና ቢያንስ አንድ ሜትር ርቃ ትለፈው። የቆመ የቤት መኪና ስታልፍም እንዲሁ ነው፤ በሩ ድንገት ይከፈታል።

ብዙ ቤተሰብ «ጠርዙን ይዘሽ ንጂ» ብሎ ይመክራል። ይህ ምክር ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው። ጠርዙ ላይ አሸዋ፣ የጠርሙስ ስባሪና ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጠርዙን ያቀፈን ሰው ሾፌሩ ቦታ ሳይለቅ ገፍቶ ያልፈዋል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብላ፣ ቀጥ ያለ መስመር ይዛ ትንዳ።

አደባባይ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለገባው ነው፤ ሁሉም ያከብረዋል ማለት ግን አይደለም። ዳር ዳሩን ብትዞር የሚወጣ ባጃጅ ከፊቷ ይቆርጣታል። ወደምትወጣበት መንገድ እስክትደርስ የመስመሩን መሀል ትያዝ፤ ልትወጣ ስትል ቀኝ እጇን ዘርግታ ታሳይ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ችሎታ አለ። ባዶ ሜዳ ላይ መስመር ተሰምሮላት፣ ከመስመሩ ሳትወጣ በግራ ትከሻዋ ወደ ኋላ አይታ መመለስ፣ ከዚያም አንድ እጇን ለቃ ምልክት ማሳየት ትለማመድ። ይህን እስክትችል ዋናው አስፋልት ላይ ባትወጣ ይሻላል። ሲችሉ ሄደው ይዩላት፤ ለእናትየው ከመቶ ማባበያ ይበልጣል።

ጥቁር ውሃ ግን ሌላ ነው፤ የሻሸመኔ መንገድ ስለሆነ ሲኖና አይሱዙ በፍጥነት ያልፉበታል። ትልቅ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል። መሪውን ጠበቅ፣ ክንዷን ላላ አድርጋ ትያዝ። ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ ከወረደች አስፋልቱ ከጠጠሩ ከፍ ስለሚል በግድምድሞሽ ልመለስ ካለች ጎማው ጠርዙን ታክኮ ይጥላታል። ቀጥ ብላ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ኋላዋን አይታ፣ ከዚያ መሪዋን ሰበር አድርጋ ትውጣ፤ ካልሆነም ወርዳ ትግፋው። መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከተማ ውስጥ ብትቆይ ጥሩ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይጨልማል። ጠዋት ሰው መንገድ ላይ መታየት ሲጀምር ትነሳ፤ ማታ ፀሐይ ሳትገባ ቤት ትግባ። ሐይቁን ታኮ የሚሄደውን መንገድ በምሽት አልመክርም፤ በተለይ ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ጉማሬ ሳር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው። በእሱና በውሃው መሀል የገባን ሰው አይምርም።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል አደባባይ አካባቢ በሕዝብ ይሞላል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጫምባላላም በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ዙሪያ እንዲሁ ነው። በእነዚህ ቀናት ሳይክሉ ቤት ይዋል፤ ወይም በውስጥ ለውስጥ መንገድ ትሂድ።

ጎሚስታው

ፔዳል መንገዱን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ጎማው ልሂድ። እዚህ ጎማ የሚያስተነፍሰው በብዛት የግራር እሾህ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚተነፍስ ሰው ያለበት ቦታ ድረስ የመድረስ ዕድል ይሰጣል። ይህን ታውቅ፦ መሪው ሲከብዳትና የኋላው ሲዋልል ወዲያው ጭር ያለ ቦታ ላይ አትቁም። ቀስ ብላ ሱቅ ወይም ሰው ያለበት ትድረስ። ጎማው ጨርሶ ከተኛ ግን ትውረድና ትግፋው፤ ተኝቶ ከተነዳ ቸርኬው የውስጡን ጎማ ይቆራርጠዋል።

ይዛ መውጣት ያለባት፦ በልኩ የሆነ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ የእጅ መንፊያ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ መለጠፊያ ከማስቲሽና ብርጭቆ ወረቀት ጋር፣ ጎማው በዳዶ የታሰረ ከሆነ ደግሞ 15 ቁጥር ቁልፍ። የፊቱ አንዳንዴ 14 ይሆናልና ቤት ሆና ትለካው። የጎማው ልክ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 26 በ1.95። ሻጩ የሚላትን ሳይሆን ጽሑፉን ትመን።

ቫልቩ ላይ አስቡበት። ቀጭኑና ወፍራሙ አለ። ወፍራሙ የመኪና ዓይነት ስለሆነ ከተማ ውስጥ የትኛውም ጎሚስታ ቤት ይነፋላታል፤ ቀጭኑ ማገናኛ ከሌለው አይነፋም። ስትገዙ ወፍራሙን ምረጡ። ግን የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለአይሱዙ የተሠራ ነው፤ ዝም ብሎ ከተያዘ የሳይክል ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ይፈነዳል። «ነካ ነካ አድርገው» ትበል፤ በየመሀሉ በአውራ ጣቷ ትጫነው።

የንፋሱ ልክ ስንት ነው ካላችሁ፣ ጎማው ላይ ትንሹና ትልቁ ተጽፏል። ለወፍራም 26 ጎማና 60 ኪሎ ለምትመዝን ሰው ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ የኋላው ከፊቱ ትንሽ ይብለጥ። ኮብልስቶን የሚበዛበት ሰፈር ከሆነ ወደ 35 ይውረድ። ከዚያ በታች ከሆነ ድንጋይ በመታ ቁጥር የውስጡ ጎማ በቸርኬው ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣበታል። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፤ ጥፋቱ የንፋስ ማነስ ነው።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። የኋላው ከሆነ ሰንሰለቱን ትንሹ ጥርስ ላይ ታውርድ። ዳዶውን ፈትታ ጎማውን ታውጣ፤ ንፋሱን ጨርሳ ትልቀቅ። ከቫልቩ ራቅ ካለ ቦታ ጀምራ አንዱን ጎን ብቻ በማውጫው ታንሳው። የውስጡን ካወጣች በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ እየዳሰሰች እሾሁን ታግኘው። እሾሁ ካልወጣ አዲሱም አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይተነፍሳል። አዲሱን ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ ነፍታ ታስገባው፤ ከቫልቩ ጀምራ የውጪውን በእጇ ብቻ ትመልስ። በማውጫው ከመለሰችው ትቆነጥጠዋለች። ከመንፋቷ በፊት ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ወደ ውጭ ሳብ ታድርገው።

መለጠፍ ካለባት ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ታሽ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋ ቀብታ 5 ደቂቃ ያህል እስኪደርቅ ትጠብቅ፤ ስትነካው ከጣቷ ጋር የማይመጣ ሲሆን መለጠፊያውን ትጫነው። እርጥብ ላይ የተለጠፈ አይይዝም። የማይለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ማስቲሹ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ቤት ግቢ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ጊዜ ጨርሳ እስክትነሳ ትለማመደው። ይህ ቁጥር ለቤተሰብም ይጠቅማል፤ ጎማ ከተነፈሰባት ምን ያህል እንደምትዘገይ ታውቃላችሁ።

ፍሬን፦ እጀታውን ጥብቅ አድርጋ ስትይዝ በእጀታውና በመሪው መሀል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ይቅር። ከዚያ ከቀረበ ሽቦው ይጠበቅ ወይም የፍሬኑ ጎማ ይቀየር። ሌላው ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ሳይክሎች የፊት ፍሬን በአንዳንዱ በቀኝ፣ በአንዳንዱ በግራ ነው። አዲስ ሳይክል ላይ ከመውጣቷ በፊት የትኛው የትኛው እንደሆነ ትይ። ዝናብ ሲዘንብ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ ያንሸራትታል፤ ቀደም ብላ ነካ ነካ አድርጋ ውሃውን ታጥርገው።

ቀሚስ ለብሳ የምትነዳ ከሆነ የሰንሰለት መሸፈኛና የኋላ ጎማ መረብ ይገጠምላት። የነጠላ ጫፍ ጎማ ውስጥ ከገባ በአንድ ዙር አንገት ድረስ ይጠቀለላል፤ ነጠላው ይጣጠፍና ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ታላቅ ወንድም

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ለምን ብቻዋን? ወንድሟ ወይም ጓደኛ አብሯት ይንዳ። ያለቀ ነገር ነው።

ጥላ ሥር

ወንድሜ፣ አብሮ መንዳት ለእሁዱ የሻሸመኔ መንገድ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ለሥራ መመላለሻ ግን አይሠራም። አጃቢው ያመመው ቀን፣ ፈረቃው የተቀየረ ቀን እሷ ያለ ልምምድ ብቻዋን ትወጣለች፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ብቻዋን መንዳት የምትችል ሆና ጓደኛ ሲገኝ አብራ ትንዳ።

ስለ ለከፋ ልጻፍ፤ ያለ ማጋነንም ያለ ማቃለልም። አብዛኛው ቃል ነው፤ ለቃል ደግሞ ፍጥነት ሳይቀንሱ ማለፍ ከምንም ይሻላል። መልስ መስጠት ዓይንን ከመንገዱ ላይ ያነሳል፤ አደጋው የሚመጣው ከዚያ ነው። በእግር ሮጠው ሳይክሉን ወይም ልብሷን የሚይዙ ልጆች ካሉ ግን ከሩቅ ስታያቸው ወደ መንገዱ መሀል ገባ ትበል፤ ደወሏን ትደውል፤ ከመካከላቸው ታላቅየውን ዓይኑን አይታ «እንደምን ዋልክ» ትበለው። ሰላምታ የተሰጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ሌሎቹን ይገስጻል።

በሞተር ወይም በባጃጅ የሚከተላት ካለ ወደ ቤቷ አትሂድ፤ ቤቷን አታሳየው። ዞራ በመጣችበት ትመለስ፤ ባለ ተሽከርካሪው ለመዞር ጊዜ ይወስድበታል። ከዚያ ሰው ያለበት ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ያለበት በር ገብታ ትደውል። ለዚህ እንዲመች በመንገዷ ላይ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ አንድ የምትገባበት ቦታ አስቀድማ ትምረጥ፤ ከባለ ሱቆቹም ጋር ትተዋወቅ። ሻይ የምታፈላ እናት፣ ጀበና ቡና ያላት ልጅ፣ ጎሚስታ፣ እነዚህ ቀኑን ሙሉ መንገዱን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ሰላም የምትላቸው ከሆነ አንድ ቀን ስትቀር ይጠይቃሉ።

ስልኳን መሪው ላይ አትሰር፤ በሞተር ለሚያልፍ ሰው መንጠቅ ቀላል ነው። ቦርሳዋ በደረቷ ተሻግሮ የሚታሰር ይሁን። አንድ ጆሮ ላይ እንኳ ማዳመጫ አታድርግ፤ ከኋላ የሚመጣውን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ለሥራ መመላለሻ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይኑሯት፤ በየቀኑ በዚያው ደቂቃ በዚያው መንገድ የሚያልፍን ሰው መጠበቅ ቀላል ነው።

የአቶቴ አባት

እግዜር ይስጥልኝ። የአያቷን ነገር ማን ይመልስልኝ? «ሳይክል ድንግልና ይወስዳል፣ ማህፀን ይጎዳል» ትላለች። ሽማግሌ ሰው ስለሆኑ በክብር መመለስ እፈልጋለሁ።

ነርስ ከሐዋሳ

ጋሼ፣ ጥያቄው በብዙ ቤት አለ፤ ሳይነገር ስለሚቀር ነው ብዙ ልጅ ሳይክል የሚከለከለው። ለእማማ እንዲህ ይበሏቸው። ድንግልና የሚባለው ስስ ሽፋን ከሴት ሴት ቅርጹ ይለያያል፤ አንዳንዷ ስትወለድም ትንሽ ነው ያላት። በማየት የማንንም ድንግልና ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቀር የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ማህፀን ደግሞ በዳሌ አጥንት ውስጥ ነው፤ መቀመጫው አይደርስበትም። በወር አበባ ጊዜም ካላመማት መንዳት ትችላለች።

እውነተኛው የአካል ችግር የመቀመጫው አገጣጠም ነው። ልጅቷ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆዳዋ ይላጣል፤ ጫፉ ወደ ላይ ካየ ይደነዝዛታል። ልኩ እንዲህ ይወሰዳል፦ ተቀምጣ ተረከዟን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ወደ ታች ስታወርደው ጉልበቷ ቀጥ ይበል፤ ከዚያ የእግሯን ፊት ስታደርግ ጉልበቷ ትንሽ ይታጠፋል። መቀመጫው አግድም ይሁን። ለጀማሪ ከዚህ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል እግሯ ቶሎ መሬት ስለሚደርስ ትረጋጋለች።

ሄልሜቱ ከቅንድቧ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ብቻ ይግባ። ትልቅ ሹሩባ ወይም ከላይ የታሰረ ፀጉር ሄልሜቱን ወደ ኋላ ያነሳውና ግንባሯን ያጋልጣል፤ ፀጉሩ ዝቅ ብሎ ከማጅራት ይታሰር። አንዴ መሬት የመታ ሄልሜት ባይሰነጠቅም ይቀየር።

ውሻ ካባረራት ፍጥነት አትጨምር፤ መሮጥ ያስነሳዋል። ትውረድና ሳይክሉን በመሀል አድርጋ ቀስ እያለች ትሂድ። ከነከሳት ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ትጠበው፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትጠይቅ። ውሻው ባለቤት አለው ተብሎ አይዘገይ።

መኪና ከገጫት ቆማ መናገር ብትችልም ጭንቅላቷ ከተመታ ትመርመር። ማስታወክ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ወይም የባሰ ራስ ምታት ካለ ሰዓት አይጠበቅም። የመኪናውን ታርጋ አጠገቧ ያለ ሰው በስልክ ፎቶ ያንሳው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ አዋጁ ሲወጣ ለተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የአስቸኳይ ሕክምና ደንግጓል። ታርጋው ካልተያዘ ጉዳዩ ይንዛዛል።

ፔዳል በሐዋሳ

ስለ መዘግየት የጠየቁትን እስካሁን ማንም አልመለሰም፤ ለእናትየው ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል። ጭንቀት የሚብሰው «እስከ መቼ ልጠብቅ?» የሚለው ሳይወሰን ሲቀር ነው። ከመውጣቷ በፊት ሦስት ነገር ይወሰን፦ በየት እንደምትሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚደወል።

ለምሳሌ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥታ 3 ሰዓት እመለሳለሁ ካለች፣ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ማንም አይደውል። ይህ 30 ደቂቃ የጎማ ጊዜ ነው። እየነዳች በየአምስት ደቂቃው ስልክ ሲጮህባት ለማንሳት ስትል ትወድቃለች። 3 ተኩል ሲሆን ይደወል። ካላነሳች ከ10 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ይደወል፤ ቆማ መልሳ ልትደውል ትችላለች። ከዚያ በኋላም ዝም ካለች አንድ ሰው በባጃጅ ወይም በሞተር በተነገረው መንገድ ከመጨረሻው ነጥብ ወደ ቤት አቅጣጫ ይምጣ፤ አንድ ሰው ደግሞ ቤት ሆኖ ስልክ ይጠብቅ። የመንገዱ ባለ ሱቆች ይጠየቁ። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ካልተገኘች ለፖሊስና ለሆስፒታሎች ይደወል። የክፍለ ከተማችሁ ፖሊስ ጣቢያ ቀጥታ ስልክ አሁኑኑ ሄዳችሁ ተቀበሉና በሁላችሁም ስልክ ይመዝገብ፤ በጭንቅ ሰዓት ቁጥር አይፈለግም። ጭራሽ ብትቀር በምን እንደወጣች ለመናገር የሳይክሉ ፎቶና ብዙ ጊዜ ከፔዳሎቹ መሀል ካለው ብረት ሥር የሚገኘው የሳይክሉ ቁጥር ቤት ይቀመጥ።

እሷም በበኩሏ መንገድ ከቀየረች ቆማ መልእክት ሳትልክ አትቀይር። ይህ ከፈረሰ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል።

ታላቅ ወንድም

በቴሌግራም ሎኬሽን ብትልክ አይቀልም?

ጥላ ሥር

ይረዳል። ለ15 ደቂቃ፣ ለአንድ ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት መክፈት ይቻላል። ለመንዳት የአንድ ሰዓቱ ያጥራል፤ የ8 ሰዓቱን ከፍታ ስትገባ ትዝጋው። ሲወጣ ዳታና ባትሪ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ነጥቡ ባለበት ይቆማል። ነጥቡ ቆመ ማለት ልጅቷ ወደቀች ማለት አይደለም፤ ይህን ለእናትየው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ካልሆነ ሎኬሽኑ ራሱ አዲስ ጭንቀት ይሆናል።

ደግሞም እሷ ለመረጠችው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይላክ፤ ለጉዞው ብቻ። ወንድም ሲፈልግ ከፍቶ የት እንደዋለች የሚቆጣጠርበት ከሆነ እሷው ታጠፋዋለች፤ የሚያስፈልግ ቀን ዝግ ይሆናል።

የአቶቴ አባት

እናቷ ትልቁን ስልክ አትጠቀምም። ሚስኮል እንጠቀም?

ፔዳል በሐዋሳ

ይሠራል፤ ግን አታወሳስቡት። ስትነሳ አንድ ሚስኮል፣ ስትደርስ አንድ ሚስኮል። «ሁለቴ ከጮኸ ጎማ ነው» የሚል ኮድ አትጨምሩ፤ ኔትወርክ አንዱን ይበላውና ትርጉሙ ይቀየራል። ችግር ካለ ትደውልና ትናገር። ባላንስ ቢያልቅ እንኳ «መልሰሽ ደውይልኝ» የሚለውን መላክ ትችላለች። ዋና ዋና ቁጥሮችን በወረቀት ጽፋ ሄልሜቷ ውስጥ በፕላስተር ትለጥፍ፤ ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢቆለፍ የሚያነሳት ሰው ይደውላል።

የአቶቴ አባት

ተስማምተናል። ለሁለት ሳምንት በውስጥ መንገድ፣ ከዚያ ሥራ መመላለሻ፣ ጥቁር ውሃ ደግሞ መጀመሪያ ከጓደኛ ጋር። ወደ ኋላ አይታ መመለሷንና ጎማ መቀየሯን እናቷ ራሷ ቆማ ታያለች። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቤት።

ፔዳል በሐዋሳ

ጋሼ፣ የማታውን 11 ሰዓት ተኩል ያድርጉት። ክረምት ላይ ደመና ሲጭን ፀሐይ ሳትገባ ይጨልማል፤ ከሰዓት ዝናብ ከያዛት ደግሞ ተጠልላ የምትቆይበት ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋታል። ለማንኛውም የኋላ ቀይ መብራት በቀንም ሳይክሉ ላይ ይኑር፤ የፊቱ ነጭ፣ የኋላው ቀይ። ባትሪውን እሁድ እሁድ ጎማ ስትነፋ አብራ ታረጋግጥ።